ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም የማረፊያ መብራት

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በተሠራው ባለ 12 ቮልት አውሮፕላኔ ክንፍ ሥር ያለው የማረፊያ መብራት በትንሽ ሞተር እየወረደ ተመልሶ ክንፉ ውስጥ የሚታጠፍ ነው። ብልሽቱ ለየት ያለ ነበር፤ መብራቱ መውረድ እንደጀመረ አምፖሉ ደብዝዞ ይበራና ሞተሩ እዚያው ቀጥ ይላል፤ ማብሪያውን ወደ መመለሻው ሳዞረው ግን አምፖሉ ጠፍቶ ያለ ችግር ይገባል።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው የደረቀ ግሪስ ወይም ያረጀ ሞተር ነው፤ ሲመለስ ሳይንገራገጭ መግባቱ ግን ጥርሶቹ ደህና መሆናቸውን ያሳያል። ሞተሩ ለመውረድና ለመመለስ የተለያየ ጥቅል ሽቦ ስላለው፣ የመውረጃውን ለማጣራት አምፖሉን ነቅዬ ሞከርኩት፤ እስከ መጨረሻው ወረደ። ስለዚህ ጥፋቱ አምፖሉና ሞተሩ በሚጋሩት መስመር ላይ፣ ማለትም በመጪው ሽቦ ወይም በግራውንዱ (ጅረቱ በአውሮፕላኑ ብረት በኩል ወደ ባትሪው በሚመለስበት መንገድ) ላይ መሆን ነበረበት።

አምፖሉ እንደተነቀለ ቴስተሩ የባትሪውን ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል ማለት ይቻላል። በዚህ ንባብ መተማመን አይገባም፤ ብዙ ጅረት በማያልፍበት መስመር ላይ የተበላሸ ግንኙነትም ጤነኛ ይመስላል። ባለ 100 ዋት አምፖል ግን 8 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ በመንገዱ ላይ የግማሽ ኦም ሬዚስታንስ ብቻ ቢኖር፣ ጅረቱ ራሱ ቢቀንስም 3 ቮልት ገደማ እዚያው ይባክናል፤ የቀረው ሞተሩን ላያንቀሳቅስ ይችላል።

አምፖሉን መልሼ ካስገባሁ በኋላ መጪውን ሽቦ በጭነት ለካሁት፤ ደህና ነው። ቀጥዬ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ክንፉ ረጅም ሽቦ ስቤ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ በዚያ ሽቦና በመብራቱ የብረት ቤት መካከል ስለካ፣ ወደ ዜሮ መጠጋት የነበረበት ቁጥር 3 ቮልት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። (የቆመ አውሮፕላን ላይ አምፖሉን የሚያቀዘቅዝ ነፋስ ስለሌለ ልኬቱ በቶሎ ማለቅ አለበት።)

ቤቱ ከክንፉ አጥንት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ስከፍት በብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ከሥሩም አንጸባራቂ የቀለም ንብርብር አገኘሁ። ሁለቱም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ ጅረቱ የሚመለሰው በብሎኖቹ ጥርስ በኩል ብቻ ነበር። ገጹን እስከ ባዶ ብረቱ ፍቄ መልሼ ሳስረው ንባቡ ከ0.1 ቮልት በታች ወረደ፤ ፈቃድ ያለው የጥገና ባለሙያም መርምሮ በመዝገቡ ላይ ፈረመበት። በሌላው ክንፍ ያለው መብራት በተመሳሳይ ልኬት ግማሽ ቮልት አሳይቷል፤ እሱም በሚቀጥለው ምርመራ ይከፈታል።