ሊትሪም ላይ ድንች የማበቅለው እንዲህ ነው

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ፣ ሊትሪም በምትባል ካውንቲ ነው። በሪፐብሊኩ ካሉት ካውንቲዎች ሁሉ የሕዝብ ቁጥሯ ትንሹ ነው። ይዞታችን አንድ ሄክታር አይሞላም። ቤታችን፣ የዶሮ ቤት፣ ጓሮ፣ የቀረው ሣር ነው። አፈሩ ከባድ ሸክላ ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ ላዩ ላይ ይተኛል። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይወጣል ብሎ መጠበቅም የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል። እዚህ ገበሬ የሚጨነቀው ውሃውን ወዴት እንደሚሸኘው ነው።

ዘዴውን ያሳዩን ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በዚሁ መሬት ላይ የጨረሱ አዛውንት። (እዚህ ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ ይጠራል። እኔ እስካሁን አልደፈርኩም።) መሬቱን ቀድሞ መቆፈር አያስፈልግም። ሣሩ ላይ ከአንድ ሜትር ትንሽ ሰፋ ያለ መስመር በገመድ ይለካል። የበሰበሰ ፍግ ይበተንበታል። ፍጉ ላይ ዘር ድንቹ ይደረደራል። ከዚያ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለውን ሣር ከነአፈሩ በአካፋ እየቆረጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ ድንቹ ላይ መገልበጥ ነው። ሣሩ ወደ ታች ይሆናል፣ ሥሩ ወደ ላይ። አፈሩ የተነሳበት ቦታ ቦይ ሆኖ ይቀራል። ቡቃያው ብቅ ሲል ከቦዩ አፈር እያወጡ መደቡን ከፍ ማድረግ ነው። «ሌዚ ቤድ» የሚሉት ይሄንን ነው።

ብልሃቱ በጣም ያስደንቀኛል። ውሃው በቦዩ ይሄዳል፣ ድንቹ ከፍ ብሎ ደረቅ ያለ ቦታ ያገኛል። የተገለበጠው ሣር በስብሶ ይመግበዋል። ከፍ ያለው አፈር ደግሞ ከሜዳው ቀድሞ ይሞቃል፤ በቀዝቃዛ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

በምዕራብ አየርላንድ ኮረብታዎች ላይ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የድሮ መደቦች መስመር በሣሩ ሥር ይታያል። ማንም አያርሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1845 የድንች በሽታ ገባ። ድሃው ሕዝብ የሚኖረው በድንች፣ ያውም በአብዛኛው «ላምፐር» በተባለ አንድ ዝርያ ነበር። ቅጠሉ ጠቆረ፣ ድንቹ መሬት ውስጥ በሰበሰ። በጥቂት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። እህል ግን በመርከብ ከአገር መውጣቱን አላቆመም። የእኛን አገር ረሃብ ለሚያውቅ ሰው እነዚያን መስመሮች አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። እኔ አካፋዬን ይዤ ስወጣ ሁሌም አስባቸዋለሁ።

በሽታው ዛሬም አለ። አየሩ ከ10 ዲግሪ በላይ ሞቆ እርጥበቱ ለረጅም ሰዓት ከ90 በመቶ ሳይወርድ ሲቆይ ይነሳል። ሜት ኤረን የተባለው የአገሩ ሜትሮሎጂ ቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ብዙ ሰው ያኔ መድኃኒት ይረጫል። እኔ አልረጭም። ግማሹን ቶሎ የሚደርስ ዝርያ አደርገዋለሁ። በቅዱስ ፓትሪክ በዓል፣ ማርች 17 አካባቢ ተተክሎ በሽታው ሳይበረታ በሐምሌ መጀመሪያ ይወጣል። ሌላውን ግማሽ «ሳርፖ ሚራ» እተክላለሁ። መነሻው ሃንጋሪ የሆነ፣ በሽታውን አጥብቆ የሚቋቋም ዝርያ ነው። ጣዕሙ አገሬው ከሚወደው «ከርስ ፒንክ» አይበልጥም፤ ለወጥ ግን እሱን እመርጣለሁ። ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ከበዛ ግንዱን ከሥሩ አጭዶ ከማሳው ማራቅ ነው። ከዚያ ድንቹን ሳይነኩ ሦስት ሳምንት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ቆዳው ይጠነክራል፣ አፈሩ ላይ የወደቀው በሽታም ድንቹን አያገኘውም።

ዶሮዎቹ ብዙም አያስቸግሩም። አንዲት ዶሮ ብትኖርህ እንኳ ግብርና ሚኒስቴር መመዝገብ ግዴታ ነው፤ የወፍ ጉንፋን ስላለ ነው። ዋናው ሥራ በር መዝጋት ነው። ቀበሮ አንድ ምሽት ይበቃዋል። በዲሴምበር ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት አልፎ ብዙ ሳይቆይ ይጨልማል፣ በጁን ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላም ብርሃን ነው። ስለዚህ የዶሮ ቤቱ ሰዓት ከወር ወር ይለዋወጣል፣ የእራታችንም አብሮት። በቀዝቃዛው ወቅት ብርሃኑ ሲያጥር እንቁላሉም ይቀንሳል። እኔ አምፖል አላበራባቸውም፤ ይረፉ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2025 ኤዮዊን የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። ጎልዌይ ውስጥ ሜስ ሄድ ላይ በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ተለካ፤ አገሩ መዝግቦ የማያውቀው ፍጥነት ነው። ከ700 ሺህ በላይ ቤትና ድርጅት መብራት ጠፋበት። የእኛ ሰፈር ከሳምንት በላይ በጨለማ ቆየ። መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕም ይቆማል። ዶሮዎቹን ያጠጣናቸው ከጣሪያ ላይ በበርሜል በጠራቀምነው የዝናብ ውሃ ነው፤ ምግብ ያበሰልነው በእንጨት ምድጃ። ጄኔሬተር ያለው ሰው የሰፈሩን ፍሪዘር በየተራ ያቀዘቅዝ ነበር። የወደቁትን ዛፎች ደግሞ ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ ከመንገድ አነሳ። ገጠር መሬት መግዛት ለምታስቡ የምለው፣ ከአጥሩና ከአፈሩ በፊት ጎረቤቱን እዩ።

ድንቹን በጥቅምት አወጣዋለሁ። ዝናብ በሌለበት ቀን ነው የማወጣው፣ ቀኑን መጠበቅ ቢያስፈልግም። ለጥቂት ሰዓት ደርቆ በወረቀት ከረጢት ጨለማ ቦታ ይገባል። ሳርፖ ሚራ እስከ ቀጣዩ መትከያ ወቅት ይቆያል። በዚያው መደብ ላይ በቀጣዩ ዓመት ጎመን ይተከላል፤ ውርጭ ሲመታው ይጣፍጣል። ለድንቹ አጠገቡ ያለውን ሣር በአዲስ ገመድ እለካለሁ።