ከስክስ ጫማ፣ ሹሩባና አራት መልሶች፦ ለዌስት ፖይንት እንዴት ተዘጋጀሁ

ልጃችን ወታደር ልሁን አለን ብለው የተጨነቁ ወላጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ፑሽ አፕ ይፈለግበታል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ዌስት ፖይንት በሚባለው የአሜሪካ ጦር አካዳሚ የመጀመሪያውን የሥልጠና ክረምት የሚያከብደው የጡንቻ ጉዳይ አይደለም። በትምህርት ቤታቸው የስፖርት ቡድን አምበል የነበሩ፣ በጉልበት እጅግ የሚበልጡኝ ልጆች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ያስለቀሳቸው ሩጫው አልነበረም። በአንድ ቀን ሊያልቅ የማይችል ሥራ ተሰጥቷቸው፣ ሳይጨርሱት በሰው ፊት «ለምን?» መባላቸው ነው። እኔ በዋናነት የተዘጋጀሁት ለዚህ ነበር። ምክሩን የሰጠኝ ደግሞ ሰፈራችን የሚኖር አንድ ጡረተኛ ሻምበል ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የመጣሁት በልጅነቴ ነው፤ ያደግሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ። ዌስት ፖይንት ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሀድሰን ወንዝ ዳር የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1802 የተቋቋመ የጦር አካዳሚ ነው። ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ተመራቂው የመጀመሪያ ዲግሪና የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ ይዞ ይወጣል። የትምህርት ክፍያ የለም፤ በምትኩ ቢያንስ አምስት ዓመት በመደበኛው ጦር ማገልገል ግዴታ ነው። አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ፣ ዕድሜው 17 የሞላና 23 ያልሞላ፣ ያላገባ መሆን አለበት። የሕክምና ምርመራና የአካል ብቃት ፈተናም አለ። ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ግን ከሴናተር ወይም ከአካባቢው የኮንግረስ ተወካይ የዕጩነት ድጋፍ ማግኘት የሚያስፈልግ መሆኑን ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ «እኛ ደግሞ ሴናተር ከየት እናውቃለን?» ብሎ ጉዳዩን ሊዘጋው ነበር። ትውውቅ አይጠየቅም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ከመግባታችሁ በፊት የየጽሕፈት ቤቶቹን ማመልከቻ አውርዳችሁ መሙላት፣ ከዚያም ሲጠሩ ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ነው። ለሁለቱም ሴናተሮችና ለተወካዩ በአንድ ጊዜ ማመልከት ይቻላል።

አባቴ በደርግ ዘመን የአፈሳውን ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። «እኔ ከአፈሳ አምልጬ ያመጣኋት ልጅ በገዛ እግሯ ትግባ?» ሲል ሰምቼዋለሁ። ያረጋጋው አንድ ደንብ ነው፤ ዕጩ መኮንኑ የሦስተኛው ዓመት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ልውጣ ካለ የአገልግሎት ግዴታ ሳይኖርበት መውጣት ይችላል። ከደንቡ ይልቅ ግን የረዳኝ ጋሼ ነው። ጋሼ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ የህንድ መኮንኖች ያስተምሩበት ከነበረው ከሐረር ጦር አካዳሚ የወጣ ሻምበል ነው። አባቴ የእሱን ቃል አይጥልም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን ቡና ጠጥቶ «ተዋት፣ ትሂድ» አለ፤ በቃ።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ያሠለጥነኝ ጀመር። ጋሼ ስለ ጥይትም ስለ ጦር ስልትም አንድ ነገር አልነገረኝም። «የሚወስዱብሽ ጊዜሽን ነው» አለኝ። «ስለዚህ እጅሽ ሳያስብ የሚሠራውን ሥራ ይዘሽ ግቢ።» አልጋ ማንጠፍ፣ ሸሚዝ መተኮስ፣ ጫማ መወልወል። ጫማውን ሲያሳየኝ ከነጭ ጥጥ ጨርቅ ቆርጦ በሁለት ጣቱ ላይ አጥብቆ ጠቀለለ፤ ከቀለሙ የጥፍር ያህል ነክቶ፣ በላዩ አንድ ጠብታ ውኃ አድርጎ፣ በጫማው አፍንጫ ላይ በትንንሽ ክብ ያሽከረክረው ጀመር። መጀመሪያ ቆዳው ይደበዝዛል። ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው። እሱ ግን እያወራ፣ ሳያይ፣ ቀጭን ቀለም በቀጭን ቀለም ላይ እየደረበ ቀጠለ፤ ቆይቶ የጣሪያው መብራት በጫማው ላይ ታየ። እኔ ይህን በመልካም ፍጥነት ለመሥራት ወራት ወስዶብኛል።

የከበደኝ ድምፄ ነው። እኛ ቤት ልጅ ከታላቅ ጋር ሲነጋገር ዓይኑን ሰበር፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሴት ልጅ ደግሞ ይበልጥ። እዚያ ግን አንገት ቀጥ፣ ዓይን ወደ ፊት፣ ድምፅ ከሆድ ነው። ትሕትናችንን ፍርሃት ወይም ንቀት አድርገው ይተረጉሙታል። ጋሼ በአፓርታማችን የመኪና ማቆሚያ አንድ ጫፍ አቁሞኝ ሌላው ጫፍ ይሄድና «አልሰማሁሽም!» ይላል። ጎረቤቶች በመስኮት ብቅ እያሉ ያዩን ነበር። እናቴ አፍራ መጋረጃ ትዘጋለች።

ስለ እግር ሳልናገር አላልፍም፤ በዚያ ክረምት ከጭንቅላት ቀጥሎ የሚያስፈልገው እግር ነው። የከስክስ ጫማችሁን ከወራት በፊት ገዝታችሁ አለስልሱት። ቤት ውስጥ፣ ገበያ ስትሄዱ፣ ሽቅብ ስትወጡ አድርጉት፤ በኋላም የጀርባ ሻንጣ ጭናችሁ ተራመዱበት። ከውስጥ ስስ ካልሲ፣ ከላይ የሱፍ ካልሲ ማድረግ ፍትጊያውን ይቀንሳል። ቆዳው ሞቅ ሞቅ ሲለው ወዲያው በፕላስተር ማሸግ እንጂ ውኃ እስኪቋጥር መጠበቅ አያስፈልግም። ክረምቱ የሚዘጋው ሸክም ይዞ ወደ አካዳሚው በሚደረግ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ነው፤ አዲስ ጫማ ይዞ የመጣ ሰው ያኔ ይታወቃል።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። አካዳሚው ሴቶችን መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የሠራዊቱ ደንብ ሥርዓት ያለው ሹሩባ ይፈቅዳል፤ እኔም በመግቢያው ዋዜማ አክስቴ ጥብቅ አድርጋ፣ ቆብ በሚመች መንገድ ወደ ኋላ ሠራችኝ። ሌሎቹ በጨለማ ከፀጉር ማስያዣ ጋር ሲታገሉ እኔ ጥርሴን ፍቄ እጨርስ ነበር። ጠዋት ላይ የተረፈች ደቂቃ ምን ያህል እንደምትከበር የሚያውቅ ያውቃል።

መግቢያው ቀን በሰኔ መጨረሻ አካባቢ ነው። ቤተሰብ በአዳራሽ ገለጻ ይሰማል፤ ከዚያ ለስንብት የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞላም። የሐበሻ ስንብት በሁለት ደቂቃ አያልቅምና ምርቃቱንም ልቅሶውንም ከቤት ጨርሳችሁ ሂዱ። ከዚያ ፀጉር መቆረጥ፣ ልብስ መረከብ፣ ሰልፍ መማር፣ ወገቡን በቀይ መቀነት የታጠቀ ነባር ዕጩ መኮንን ፊት ቆሞ የተባለውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል መድገም ነው፤ አንዲት ቃል ከሳታችሁ እንደገና። በዚያው ቀን መጨረሻ ተሰልፎ ቃለ መሐላ ይፈጸማል። በደረቴ ላይ የተጻፈው፣ ሰውም የሚጠራኝ በአባቴ ስም ነው። ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው በእኔ ላይ ሆኖ የሚሰደበው አባቴ እየመሰለኝ ሳቄ ይመጣ ነበር። ሳቅ ደግሞ በዚያ ቀን እጅግ ውድ ነው።

ለአዲስ ገቢ የተፈቀዱት መልሶች አራት ናቸው፦ አዎ ጌታዬ፤ አይደለም ጌታዬ፤ ማመካኛ የለኝም ጌታዬ፤ አልገባኝም ጌታዬ። ለእኛ ልጆች የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ያደግነው ስንጠየቅ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ለጠያቂው አክብሮት እንደሆነ እያየን ነው፤ «ምን ሆነ መሰለህ…» ብለን እንጀምራለን። እዚያ ያ ሁሉ ትርፍ ነው። ዝናብ ይሁን፣ የሌላ ሰው ጥፋት ይሁን፣ መልሱ ማመካኛ የለኝም ነው። መጀመሪያ ግፍ ይመስላል። እኔም አንዳንዴ ግፍ ነው እላለሁ። ግን መኮንን ሆኜ ሠላሳ ወታደር ሲሰጠኝ፣ ምክንያቴን የሚሰማ ሰው እንደማይኖር ያኔ አውቄው ነበር። እቤት ከወንድሜ ጋር እየተለማመድነው እናቴን አሰልችተናት ነበር፤ «ሳህኑን ለምን አላጠብሽም?» ስትለኝ «ማመካኛ የለኝም ጌታዬ» ስላት ዕቃ የወረወረችበትም ቀን አለ።

አሁን ጋሼ «የሚወስዱብሽ» ወዳለው ወደ ጊዜው ጉዳይ ልመለስ። አዲስ ገቢ በቃል የሚይዘው ብዙ ነው፦ መዝሙሮች፣ ማዕረጎች፣ ጄኔራል ስኮፊልድ እ.ኤ.አ. በ1879 ስለ ዲሲፕሊን የተናገረው ረጅም ቃል፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ 340 መብራቶች መኖራቸው፣ የግቢው የውኃ ማጠራቀሚያ ሞልቶ ሲፈስ 78 ሚሊዮን ጋሎን መያዙ። ሰዎች ይህ ለጦርነት ምን ይጠቅማል ይላሉ። መብራቱ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ደክሟችሁ፣ ሌላ ሥራ እያለባችሁ፣ ሰው ፊታችሁ ላይ እየጮኸ የያዛችሁትን ሳትጥሉ መናገር መቻላችሁ ነው። እኔ በልጅነቴ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ስለያዝሁ ይህ አልከበደኝም። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ግን በቃል መያዝ አይሆንላትም፤ በአንጻሩ አልጋዋን ከእኔ በእጥፍ ፍጥነት ታነጥፋለች። እሷ ሁለቱን አልጋ ስታነጥፍ እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ሥራው ከጊዜው የበለጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ለብቻ የሚሠራ እንዲወድቅ ተደርጎ የተሰፋ ነው። ሁሉን ራሴ ካልሠራሁ የሚሉ ጎበዝ ተማሪዎች ቶሎ የሚሰበሩት ለዚህ ነው። በአንጻሩ በፈተናና በጽሑፍ ሥራ ላይ ያልተፈቀደ እገዛ የክብር ሕጉን መጣስ ነው፤ ሕጉ ዕጩ መኮንን አይዋሽም፣ አያጭበረብርም፣ አይሰርቅም፣ ይህን የሚያደርጉትንም አይታገሥም ይላል። ልዩነቱን ከመጀመሪያው ቀን ለይታችሁ ያዙ።

የጾሙን ነገር ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። መግቢያው የሰኔ ጾም ላይ ይውላል፤ የክረምቱ ሥልጠና ማብቂያ ደግሞ ፍልሰታን ያገኛል። የንስሐ አባቴን አስቀድሜ አማከርኋቸው፤ «የሚያቀርቡልሽን ብዪ፣ ጸሎትሽን አትተዪ» አሉኝ። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ፤ ሜዳ ላይ ሸክም ተሸክሞ በባዶ ሆድ ከሕሊና ጋር መሟገት አይቻልም። ማተቤ በልብሴ ስር ነበር፤ እስካልታየ ድረስ የሚከለክል የለም። ሌላው ገበታ ላይ ያለው ይሉኝታ ነው። «በቃኝ» ስትሉ «በሞቴ» የሚል የለም፤ ሳህኑ ያልፋል። እስክትጠግቡ ብሉ።

በዚያ ክረምት ስልክ እምብዛም አይገኝም፤ የሚገኘው ደብዳቤ ነው። ለቤተሰቤ አድራሻና ቴምብር ያለባቸው ፖስታዎች አዘጋጅቼ ትቼ ነበር። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዝም ካለ ታሟል ማለት አይደለም። የምግብ ጥቅልም አይፈቀድም፤ ዳቦ ቆሎው ክረምቱ እስኪያልቅ ይቆይ። እናቴ በአማርኛ ትጽፍልኝ ነበር፤ የጻፈችው የጎረቤት ወሬና የሽንኩርት ዋጋ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ምን ይጻፋል?

በነሐሴ አጋማሽ ከነባሮቹ ዕጩ መኮንኖች ጋር ከተቀላቀልን በኋላ ጩኸቱ ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በኮሪደር ሰዓት ስር ቆሞ ለሰልፍ የቀሩትን ደቂቃዎችና የሚለበሰውን ልብስ ይጮኻል። ምሳ ላይ አሥር ሰው በሚቀመጥበት ገበታ ኬኩን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ስንት ሰው እንደሚፈልግ ጠይቆ በዚያው ልክ እኩል መቁረጥ አለበት። ሰባት ሰው ሲፈልግ የሚደርሰውን ጭንቀት ገምቱት። ድፎ ዳቦ በእጃቸው ቆርሰው ባርከው የሚያድሉ አባቶች ባሉበት ቤት ያደገች ልጅ፣ ከወረቀት የተቆረጠ መለኪያ ኪሷ ይዛ ትሄድ ነበር። ትምህርቱም አስተማሪው ከማስተማሩ በፊት አንብቦ መጥቶ ሰሌዳ ላይ መሥራትን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቦክስ ለሴቶችም ግዴታ ሆኗል፤ ይህን ለእናቴ የነገርኋት ኮርሱን ከጨረስሁ በኋላ ነው።

ዋና ደግሞ ማንም አያመልጠውም። ልብስ ለብሶ፣ ጫማ አጥልቆ፣ መሣሪያ ይዞ ውኃ ውስጥ መግባት አለ። ደካማ ዋናተኞች ለብቻ ክፍል ይመደባሉ፤ ስማቸውም «ድንጋዮች» ነው። እኔ ከመሄዴ በፊት በአካባቢያችን የሕዝብ ገንዳ ክረምትና በጋ ተምሬ እንኳ ከድንጋዮቹ ጋር ነው የተመደብሁት፤ ግን ፊቴን ውኃ ውስጥ ከትቼ ትንፋሼን ማውጣት የማውቅ ድንጋይ ነበርሁ። አጠገቤ የነበረ የቴክሳስ ልጅ ገንዳ ዳር ይዞ አልለቅም ብሎ ነበር። ልጃችሁ ካሁኑ ወደ ገንዳ ይሂድ፤ የመጀመሪያው ወር ፍርሃቱን ለማስለቀቅ ብቻ ያልፋልና ማመልከቻውን ከሞላ በኋላ ይደርሳል አትበሉ።