ዓይን የበላት ፖርሽ

እኔ የምሠራው ሞባይል ነው። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጅ መሰኪያ እበይዳለሁ፣ ውሃ የገባበትን አደርቃለሁ። ደሴ ፒያሳ ያለችው ሱቄ ከሁለት ደንበኛ በላይ አትችልም፤ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚከራከረኝ። ዘመድ ዘንድ ግን ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ተጨፍልቆ «እሱ ኤሌክትሮኒክስ ያውቃል» ይባላል። በዚህ ስም ሰበብ የጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠግኛለሁ፣ የሰርግ ማይክ ጠግኛለሁ፣ አንዴም የአጎቴን የመስሚያ መሣሪያ ከፍቼ መልሼ መግጠም አቅቶኛል። ፖርሽ ግን ነክቼ አላውቅም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባለው የሰርግ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ጓደኛው ኮምቦልቻ ያገባል፣ ሙሽሪት የደሴ ልጅ ናት፣ አለቃው ደግሞ «ለሙሽራ ከሆነ ይሁን» ብለው ፖርሽ ቦክስተራቸውን አውሰውታል። ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው መኪና። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው፤ ግን 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ያንን የሐረጎን ጠመዝማዛ በዝናብና በጭጋግ፣ ከአንድ አይሱዙ ጭራ ሥር ጭቃ እየጠጣች ነው የወጣችው። ማታ ግቢያችን ስትገባ ቡናማ ነበረች። ቀይ መሆኗን ያወቅነው ጠዋት የአክስቴ ልጅ በባልዲ ሲያጥባት ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሙሽሪት ቤት መድረስ አለባት። ግቢያችን መዞሪያ ስለሌለው የገባ መኪና ሁሉ የሚወጣው በሪቨርስ ነው። የአክስቴ ልጅ ሪቨርስ አስገባ። መኪናዋም «ጲ——————» አለች፤ እስትንፋስ የላትም።

«ሴንሰሩ ነው፤ ከኋላ የሆነ ነገር አለ እያለች ነው» አለኝ።

ከኋላዋ ምንም የለም። በሩ ራሱ ስድስት ሜትር ይርቃል።

«ዝም ብለህ ውጣ፤ እኔ እመራሃለሁ» አልኩት።

«አንተ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኛ ሰፈር የፓርኪንግ ሴንሰር ማለት «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» የሚል ሰው ነው፤ «በቃ» የምትለዋም ብዙ ጊዜ የምትመጣው ከ«ጓ!» በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ሌላ ዘመዳችንን «ና» እያልኩ ከውሃ ታንከሩ ጋር አስተዋውቄዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የሰው መኪና ይዞ ነው።

እሺ፣ ኤሌክትሮኒክስ አውቃለሁ አይደል? ሥራ ጀመርኩ። የኋላ ፓራውልቷ ላይ የኮት ቁልፍ የሚያካክሉ አራት ክብ ነገሮች አሉ። አሠራራቸው የሌሊት ወፍ ነው፤ በሴኮንድ 40 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ይለቃሉ፣ የሰው ጆሮ ደግሞ ቢበዛ 20 ሺህ አካባቢ ነው የሚያቆመው። ድምፁ ዕቃ ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ቆጥረው ርቀቱን ያወጣሉ። ድምፁ ራሱ ባይሰማም አንድ ሴንሰር በሕይወት ካለ፣ ጆሮህን ስታስጠጋው እንደ ሰዓት «ቲክ ቲክ ቲክ» ሲል ትሰማዋለህ።

ስለዚህ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ጆሮዬን የፖርሽ ቂጥ ላይ ለጠፍኩ።

በሩ ክፍት ነበር። መጀመሪያ ያየኝ አንድ ወተት የሚያመላልስ ልጅ ነው። ቆመ። ከዚያ ባጃጅ ቆመ። ከዚያ በባጃጁ የተሳፈሩት ወረዱ።

«ምን አለችህ?» አለኝ ባለ ባጃጁ።

ሦስቱ ቲክ ቲክ ይላሉ። አራተኛዋ ድምፅዋ ታፍኗል። ጠጋ ብዬ ሳያት የሐረጎ ጭቃ ዙሪያዋን ደርቆ ይዟታል፤ ባልዲው አልደረሰላትም። በጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርጌ ፈገፈግኳት። (ብሩሹን ከየት እንዳመጣሁት የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ አያውቅም። ይህን ካነበበ ይቅርታ።)

በዚህ መሀል ጡረታ የወጡ መካኒክ ጎረቤታችን፣ ጋሼ፣ መጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ኮፈኑን ክፈት» አሉ።

«ጋሼ፣ ችግሩ ሴንሰር ነው እኮ…»

«ክፈት!»

ከፈትን። ውስጡ የሙሽራው ጫማና አንድ እጅ ሙዝ አለ። ሞተር የለም። ጋሼ ፈገግ አሉ፤ «ገባኝ፣ ቮልስ ናታ!» ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። የኋላውንም ከፈትን። እዚያም ሻንጣ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልጄ» አሉት የአክስቴን ልጅ በሐዘኔታ፣ «ማታ ከየት ጀምሮ ነው የተገፋችው?»

የቦክስተር ሞተር መሀል ላይ ነው፣ ከወንበሮቹ ጀርባ ተደብቆ። ቢሆንም ጋሼ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፣ ዘመዳሞች ናቸው። ይህን ስነግራቸው ግን ሊያጽናናኝ የሚዋሽ ልጅ እንደሚያዩ ነው ያዩኝ።

ብሩሹን ጥዬ «አሁን ሞክር!» አልኩ። ረጅሙ ጩኸት ጠፋ። በምትኩ «ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵጲጵጲጵ» መጣ፤ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ፣ እንደገና «ጲ——»። ተንበርክኬ ሳዳምጥ ይብስባታል። ፊውዝ ፈተሽኩ። ሶኬት ነቅዬ ሰካሁ። ለማየት የከበበን ሰው ሃያ ደርሷል፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ «የቷ ናት የምታየው?» እያለ አራቱን ክቦች በየተራ ያፈጥባቸዋል። አንዱ እንዲያውም ጣቱን ሰካባት። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ሆነ። ከሙሽሪት ቤት ስልክ መደወል ጀመረ።

ያኔ ነው እትዬ ከጎን ቤት ብቅ ያሉት፤ በአንድ እጃቸው ዕጣን የሚጨስበት ማጨሻ፣ በሌላው መጥረጊያ።

«ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?»

«ሴንሰሯ ነው፣ እትዬ።»

«የምን ሴንሰር! ዓይን ነው! እንዲህ ያለች ቆንጆ አቁማችሁ አንድ ሰው ማሻአላህ ሳይል! ዞር በል አንተ! ማሻአላህ በሉ! ዓይናችሁን ንቀሉ!»

መጥረጊያው ሠራ። ሃያውም ሰው «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያለ ከበሩ ውጪ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እኔንም ጉልበቴ ላይ አንድ አቀመሱኝ። እትዬ መኪናዋን ሦስቴ ዙረው አጠኑና እሳቸውም ወደ በራቸው ተመለሱ።

ጸጥ።

የአክስቴ ልጅ ሪቨርሱን አውጥቶ እንደገና አስገባ። ጸጥ። ቀስ በቀስ ስድስቱን ሜትር በሰላም ወጣች፤ እልልታው ቀለጠ፤ ጋሼ እንኳ አጨበጨቡ።

እኔ ጭቃው ላይ እንደተቀመጥኩ ገባኝ። ረጅሙ ጩኸት ጭቃው ነበር። እየፈጠነ የሚሄደው ግን ምንም ብልሽት አልነበረም። ያ ዕቃ ሜትር ተኩል አካባቢ የቀረበውን ሁሉ ይቆጥራል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሞላማ አያባራም። እኛን ነበር የሚቆጥረው። ከሁሉ አብልጦ የቀረብኩት ደግሞ ጆሮዬን የለጠፍኩት እኔ። ተነስቼ «ስሙኝማ! ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ…» ማለት ጀመርኩ። ባለ ባጃጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አብሽር፣ አንተም ሞክረሃል» አለኝ።

ሙሽሮቹ በሰላም ኮምቦልቻ ገቡ።

በሳምንቱ አንድ ሰውዬ ቻርጅ የማይዝ ስልክ ይዞ ሱቄ መጣ። ከፍቼ አየሁና «መሰኪያው ነው፤ አንድ ሰዓት ቆይተህ ና» አልኩት። ስልኩን ከእጄ ወስዶ ትንሽ አሰበ።

«የእትዬ ቤት በየት በኩል ነው?»