ሴል ውስጥ «የት» የሚለው ጥያቄ

ሰሞኑን ጭንቅላቴን የያዘው ላይሶሶም ነው። የሴል ሥዕል ላይ ጥግ ይዛ የምትቀመጠው ትንሽ ክብ። ተማሪ ሁሉ «ቆሻሻ የሚፈጭ» ብሎ ለፈተና ይሸመድዳትና ያልፋታል። ኒውክለስ ዲኤንኤ ስለያዘ ክብሩን ወስዷል። ማይቶኮንድሪያም ኃይል አመንጪ ስለሆነ የማያውቀው የለም። ለእኔ ግን የዩካርዮት (ኒውክለስ ያለው) ሴል ነገር ከልቤ የገባኝ በዚህች ክብ በኩል ነው።

እስቲ ውስጧን እንየው። ወደ 60 የሚጠጉ የኢንዛይም ዓይነቶች አሉ። ፕሮቲን የሚቆራርጡ፣ ስብ የሚሰባብሩ፣ ዲኤንኤ ሳይቀር የሚበጣጥሱ። ሴሉ ራሱ የተሠራው ደግሞ ከእነዚሁ ነገሮች ነው። ራሱን ሊፈጭ የሚችል ነገር ይዞ ይኖራል ማለት ነው! የሚለያያቸው አንድ ስስ ሽፋን ነው፤ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ መቶ ሺህኛ ገደማ። ሽፋኑ ላይ የተሰካ ፓምፕ አለ። ኤቲፒ የሚባለውን የሴሉን የኃይል ሞለኪውል እየተጠቀመ ሃይድሮጅን አዮን ወደ ውስጥ ይገፋል። በዚህ ምክንያት የውስጡ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወደ 5 ይወርዳል፣ የውጪው 7.2 አካባቢ ነው። በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በሃይድሮጅን አዮን መጠን ሲሰላ ግን ልዩነቱ ከ100 እጥፍ በላይ ነው። ኢንዛይሞቹም ደህና አድርገው የሚሠሩት አሲድ ውስጥ ነው። ጥቂት ቢያፈተልክ እንኳ ውጪ ሲደርስ አቅሙ ይደክማል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እገረማለሁ። አደገኛ የሚያደርገው ኢንዛይሙ ብቻ አይደለም፣ ያለበት ቦታም ጭምር ነው።

የተገኘበት መንገድም ልቤን ይነካዋል። ቤልጂየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ላይሶሶም ፍለጋ አልተነሳም። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጨረሻ ላይ የሚያጠናው ኢንሱሊን ጉበት ላይ ምን እንደሚሠራ ነበር። የአይጥ ጉበት ፈጭቶ፣ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሮ፣ የሴሉን ክፍሎች ለያይቶ ኢንዛይም ይለካል። እሱና ባልደረቦቹ አሲድ ፎስፋቴዝ የሚባለውን ኢንዛይም ሲለኩ ከጠበቁት አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ተገኘ። ናሙናው ፍሪጅ ገባ። ከቀናት በኋላ እንደገና ሲለኩት፣ የጠፋው ኢንዛይም ከች አለ። ስህተት ነው ብለው ቢጥሉት ማን ይወቅሳቸው ነበር? እነሱ ግን «እስካሁን የት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ከረጢት ውስጥ ነበር። ሽፋኑ እየላላ ሲሄድ ነው የወጣው። ላይሶሶም የሚለው ስም በ1955 ወጣለት፣ ደ ዱቭም በ1974 ከአልበርት ክሎድና ከጆርጅ ፓላዴ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ማይክሮስኮፕ ከማሳየቱ በፊት በልኬት ብቻ ከረጢት አለ ብሎ መድረስ፣ በእውነት ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ኢንዛይሞቹ እዚያ ከረጢት ውስጥ እንዴት ይገባሉ? የሚሠሩት ራይቦሶም በሚባለው የሴሉ የፕሮቲን መሥሪያ ላይ ነው። ከዚያ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሽፋን መረብ በኩል አድርገው ጎልጂ ይደርሳሉ፤ ጎልጂ ፕሮቲኖችን ለይቶ ወደየቦታቸው የሚልክ ክፍል ነው። ጎልጂ ውስጥ ማኖዝ-6-ፎስፌት የሚባል ትንሽ የስኳር ምልክት ይታተምባቸዋል። አድራሻቸው ይህ ነው። ምልክቱን የሚያውቅ ተቀባይ ፕሮቲን ይዟቸው ወደ ላይሶሶም ይወስዳቸዋል። ምልክቱን መለጠፍ የማይችሉ ልጆች ይወለዳሉ። በሽታው አይ-ሴል ይባላል። ኢንዛይሞቹ አልጎደሉም፣ በደንብ ይመረታሉ። ግን አድራሻ ስለሌላቸው ከሴሉ ወጥተው ደም ውስጥ ይበዛሉ። ላይሶሶሙ ደግሞ ባልተፈጨ ነገር ይጨናነቃል። ልጆቹ ከባድ ሕመም ነው የሚታመሙት። ሁሉም ነገር አለ፤ ቦታው ላይ ግን የለም።

(የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ክፍሎቹን ባዶ ውኃ ላይ እንደተንሳፈፉ አድርጎ ያሳያል። እውነተኛው ሴል በፕሮቲን የተጨናነቀ ነው፣ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። ላይሶሶሞች ራሳቸው ማይክሮቲዩቡል በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ እየተጎተቱ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።)

የፖምፔ በሽታን ሳነብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተገለጠልኝ። ላይሶሶም ውስጥ ግላይኮጅን (ሰውነት የሚያከማቸው የስኳር ዓይነት) የሚፈታው አንድ ኢንዛይም ይጎድላል። ግላይኮጅኑ በጡንቻ ሴሎች ውስጥ ይከማቻል። በከባዱ ዓይነት የሕፃናቱ ልብ ያብጣል፣ ካልታከሙ አብዛኞቹ አንድ ዓመት አይሞላቸውም። መንስኤውን በ1963 ያገኘው የደ ዱቭ ባልደረባ አንሪ-ዤሪ ኤርስ ነው። ሕክምናው የተፈቀደው ግን በ2006 ነው፦ ኢንዛይሙን ላብራቶሪ ውስጥ አምርቶ በደም ሥር መስጠት። የሚሠራውም ያንን የስኳር ምልክት የሚያውቀው ተቀባይ በሴሉ የውጪ ሽፋን ላይም ስላለ ነው። ከደም የመጣውን ኢንዛይም ይይዝና ላይሶሶም ድረስ ያስገባዋል። ችግሩ፣ ብዙው ጉበት ላይ ይቀራል፣ ጡንቻ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በ2021 የተፈቀደው ቀጣዩ መድኃኒት ላይ የተሠራውም ኢንዛይሙን መቀየር አልነበረም። ኢንዛይሙ ያው ነው፤ ማኖዝ-6-ፎስፌት ተጨመረበት።