ልጁ አይታይም

ቴአትር ብቻ እጽፍ በነበረ ጊዜ የሚያውቁኝ ሰዎች «ቴሌቪዥን ላይ መቼ ነው የምናይህ?» ይሉኝ ነበር። ተከታታይ ድራማ ስጀምር ጥያቄው «ፊልምስ?» ሆነ። በሰዉ ስሌት መድረክ ጀማሪ እጁን የሚያፍታታበት፣ ቴሌቪዥን እንጀራ የሚገኝበት፣ ፊልም ደግሞ «ደረሰ» የሚባልበት ቦታ ነው። ይሄ ስሌት ለእኔ መቼም ገብቶኝ አያውቅም።

ሰሞኑን ፓዲ ቻየፍስኪን እንደገና እያነበብኩ ነው። ለማያውቀው፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በ1923 የተወለደ አሜሪካዊ ጸሐፊ ነው (የእሱን ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከማንም ጋር ሳይጋራ፣ ለብቻው በጻፈው ስክሪፕት ሦስት ጊዜ ኦስካር የወሰደ ሰው እሱ ብቻ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ኦስካሩ አይደለም። ዕድሜውን በሙሉ በሦስቱ ቤት ሲገባና ሲወጣ መኖሩ ነው።

እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሲድኒ አሮን ነው። ፓዲ የሆነው ወታደር ቤት ነው። አንድ እሁድ የወጥ ቤት ተራ ደርሶበት፣ «ቅዳሴ መሄድ እፈልጋለሁ» አለ አሉ። ልጁ አይሁዳዊ ነው። መኮንኑ ነገሩ ገብቶት፣ አየርላንዳዊ ካቶሊኮች የሚጠሩበትን ስም ለጠፈበት። በዚያው ቀረ። በጦርነቱ ጀርመን ውስጥ አኽን አካባቢ ፈንጂ አቆሰለው። እንግሊዝ አገር ሆስፒታል ተኝቶ ሲያገግም ለወታደሮች የሚታይ ሙዚቃዊ ተውኔት ጻፈ። መጀመሪያው እንግዲህ መድረክ ነው። ሲድኒ አሮን የሚለውን ስም ግን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ስሙ የገነነው በቴሌቪዥን ነው። ያኔ ኒውዮርክ ውስጥ ድራማ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። አንድ ሰዓት ነው፣ ማስታወቂያውም በውስጡ። ተዋናዩ ቃል ቢጠፋው፣ በሩ አልከፈት ቢል፣ አገር ያያል። ኤንቢሲ በሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ፍሬድ ኮ የሚባል ፕሮዲውሰር ወጣት ጸሐፊዎችን ሰብስቦ ያጽፍ ነበር። ቻየፍስኪም ከእነሱ አንዱ ነበር። አንድ ጊዜ ሌላ ድራማ ሆቴል ዳንስ አዳራሽ ውስጥ ሲለማመዱ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አየ። ሴቶቹን ነው የሚያናግረው፤ ለዳንስ የጠየቃችሁን ወንድ አትመልሱት፣ ወንዶችም ስሜት አላቸው ይላል። ከዚህች ጽሑፍ «ማርቲ» ተወለደ። ግንቦት 24 ቀን 1953 ሮድ ስታይገር ተውኖት ተላለፈ።

ታሪኩ ለማውራት እንኳን ያሳፍራል፤ ምንም የለውም። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሥጋ ሻጭ ነው። ከእናቱ ጋር ይኖራል። ወንድም እህቶቹ አግብተዋል፣ እሱ ቀርቷል። ሰው ሁሉ «መቼ ነው የምታገባው?» እያለ ያደርቀዋል። አንድ ቅዳሜ ማታ እንደ እሱ የተገፋች አስተማሪ ያገኛል። አለቀ። ግድያ የለ፣ ውርስ የለ፣ የጠፋ ልጅ ተገኝቶ አልተላቀሱ።

ግን የስልኩ ትዕይንት አለ። ማርቲ አንድ ጊዜ ያያት ሴት ጋ ደውሎ ሲኒማ ሊጋብዛት ይሞክራል። የምንሰማው እሱን ብቻ ነው። የልጅቷ ድምፅ የለም። ማንነቱን ሊያስታውሳት ይታገላል። ያስረዳል፣ ይቀልዳል፣ ቅዳሜን ይጠይቃል፣ ሌላ ቅዳሜ ይጠይቃል። ካሜራው ቀስ እያለ ፊቱን እየቀረበው ይሄዳል። መሃል ላይ ዓይኑን ይጨፍናል። እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ ይላል በትህትና። «አይሆንም» የሚለውን ቃል ሳንሰማ ሙሉ በሙሉ ሰምተነዋል። ጸሐፊው የንግግሩን ግማሽ ብቻ ጽፎ ሌላውን ግማሽ እኛ እንድንጽፈው አደረገ። ትንሿ ስክሪን ሰው ፊት ድረስ መቅረብ እንደምትችል በጊዜው ገብቶታል። መድረክ ላይ እኮ የኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው የተጨፈነ ዓይን አያይም።

ይሄን የማውቀው ከራሴ ነው። አሁን የሚታየው ቴአትሬ ውስጥ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። ልጃቸው ዱባይ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ፣ በዋዜማው ደውሎ እንደማይመጣ ይነግራቸዋል። እኔ ለእናትየዋ ስልኩን ከዘጉ በኋላ የሚሉት አንድ ገጽ ቃለ ተውኔት ጽፌ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ገጽ ነበር። የምትጫወታት ሴት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ አነበበችውና «የኔ ልጅ፣ እናት ይሄን ሁሉ አትልም» አለች። ከዚያ ስልኩን ዘጋች። ረከቦቱ ጋ ተቀመጠች። ቤት ውስጥ ያሉት እሷና ጎረቤቷ፣ ሁለት ሰው ናቸው። ሦስት ሲኒ አወጣች። ቀዳችው ሦስቱንም። አዘጋጃችን ወደ እኔ ዞሮ ምንም አላለም፤ እኔ እራሴ ገጹን ሰረዝኩት። አሁን እዚያ ጋ ሲደርስ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ ዝም ይላል። ሲኒ ከሩቅ ይታያል።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። «ማርቲ»ን ፊልም እናድርገው ብለው ሲመጡበት ሆሊውድን ቀድሞ ቀምሶት፣ አልጥምህ ብሎት ተመልሷል። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ዳይሬክተሩ በቴሌቪዥን የሠራው ዴልበርት ማን ይሁን፣ እኔም ቀረጻው ላይ ልገኝ አለ። ዴልበርት ማን ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ተስማሙ። በ1955 የወጣው ፊልም ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የወርቅ ዘንባባውን፣ ቀጥሎ አራት ኦስካር ወሰደ፤ የምርጥ ፊልምንም ጨምሮ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እዚህ አገር አንዳንድ ፊልም በዚያ ሰዓት ገና ሰርጉ ላይ ነው።

ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ ካሊፎርኒያ ይገባ ነበር። እሱ ወደ ቴአትር ሄደ። ሚስቱ የሞተችበት የልብስ ፋብሪካ ባለቤት በዕድሜ እጅግ የምታንሰውን ልጅ ሲወድ የሚያሳይ ሥራ አለው፤ «እኩለ ሌሊት ላይ» ልበለው። በ1954 የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። በ1956 ብሮድዌይ፣ የኒውዮርክ ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ላይ፣ ኤድዋርድ ጂ ሮቢንሰን ተውኖት 477 ጊዜ ታየ። በ1959 ደግሞ ፊልም ሆነ። አንድ ታሪክ፣ ሦስት ቤት። ከዚያ «አሥረኛው ሰው» 623 ጊዜ መድረክ ላይ ታየ። ኦስካር የያዘ ሰው ነው እንግዲህ ማታ ማታ የብሮድዌይ ተመልካች ሲያስል የሚሰማው።

ለምን ተመለሰ? ብዙ ምክንያት ይኖረዋል። አንዱ ግን ለእኛ ለጸሐፊዎች ግልጽ ነው። ብሮድዌይ ላይ ጸሐፊው ሳይፈቅድ አንድ ቃል አይነካም። የተውኔት ጸሐፊዎች ማኅበራቸው በ1920ዎቹ ታግሎ ያስከበረው ነው። ሥራው የጸሐፊው ሆኖ ይቀራል። ሆሊውድ ውስጥ ስቱዲዮው ስክሪፕቱን ይገዛዋል፤ ከገዛው በኋላ ሌላ ጸሐፊ ጠርቶ በላዩ ላይ ማስጻፍ ይችላል።

ቃል ማስከበር ብቻውን ግን አያበላም። በ1964 ስለ ስታሊን የጻፈውን ተውኔት ራሱ አዘጋጀው። ጸሐፊ እሱ፣ አዘጋጅ እሱ፣ የሚቃወመው የለም። 15 ጊዜ ታይቶ ወረደ። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ እትዬ ትዝ ትለኛለች። «ይሄን ሁሉ አትልም» የሚል ሰው በዙሪያው የነበረ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ያሉትን ፊልሞች አብዛኛው ሰው ያውቃቸዋል። «ሆስፒታሉ» በ1971፣ «ኔትወርክ» በ1976፤ ሁለቱም ኦስካር አስገኝተውለታል። «ኔትወርክ» ላይ ከሥራ ሊባረር ያለ ዜና አንባቢ፣ በቀጥታ ስርጭት ራሴን አጠፋለሁ ብሎ ሲያውጅ ተመልካቹ ይጨምርና ጣቢያው ከማባረር ይልቅ ይነግድበታል። ቲክቶክ ከመምጣቱ ከአርባ ዓመት በፊት መጻፉ ይገርመኛል። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ጸሐፊው የሚነክሰው ያሳደገውን ቤት መሆኑ ነው። ካሜራው ሥር ካልኖርክ እንደዚያ አትጽፍም። ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ለንደን ናሽናል ቴአትር «ኔትወርክ»ን ወደ መድረክ አምጥቶታል።

አሁን ሲድኒ አሮን ይምጣ።

በመጨረሻ አንድ ልቦለድ ጻፈ፤ የጻፈው ልቦለድ እሱ ብቻ ነው። በራሱ ላይ ስለሚሞክር ሳይንቲስት ነው። ለፊልም ስክሪፕቱንም ራሱ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ስሙ ተፈርቷል፤ ቃለ ተውኔቱ እንዳይነካ በውል አስሯል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሄደና እንግሊዛዊው ኬን ራስል መጣ። ራስል ውሉን አክብሯል። ቃል አልቀነሰም፣ ቃል አልጨመረም። ተዋናዮቹ ግን ቃሉን እየተጣደፉ፣ እየተደራረቡ፣ ምግብ እየዋጡ እንዲሉት አደረገ። ቻየፍስኪ በንዴት አበደ። ቀረጻውን ጥሎ ሄደ። ፊልሙ በ1980 ሲወጣ ጸሐፊው ሲድኒ አሮን ነው ይላል። ፓዲ ቻየፍስኪ የሚለውን ስም አስፍቋል። በዓመቱ፣ ነሐሴ 1981፣ በ58 ዓመቱ ሞተ።

ይሄን ታሪክ ሰው የዳይሬክተር ጥጋብ አድርጎ ያወራዋል። ለእኔ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ዓመት የታገለለትን አግኝቷል እኮ። ቃሉ አልተነካም። ቃል የሚነገርበት ፍጥነት፣ ቃሉ ዙሪያ ያለው ዝምታ ግን በውል አይታሰርም። «ማርቲ» ላይ ያንን ያስጠበቀለት ውሉ አልነበረም፤ ዴልበርት ማን ነበር። ያንን ልምምድ፣ ያንን ስልክ፣ ያንን የተጨፈነ ዓይን አብሮት የሠራ ሰው።

ይሄ ሁሉ ለምን መጣብኝ ካላችሁ፣ አንድ ፕሮዲውሰር ቴአትሩን ፊልም ላድርገው ብሎኛል። ደግ ሰው ነው፣ ገንዘብም አለው። ክፍያው በሦስት ነው፤ ሲፈረም፣ ስክሪፕቱ ሲገባ፣ ቀረጻ ሲጀመር። (ሦስተኛዋን ክፍያ በእኛ ሙያ ያለ ሰው ያውቃታል።) ከቴሌቪዥኑ ጋር ሳነጻጽረው ቅንጦት ነው። ተከታታይ ድራማ ላይ ለስፖንሰሩ ደስ የሚለውን ትዕይንት እጽፋለሁ፣ ተዋናይ ለሥራ አሜሪካ ሄዶ ሲቀር ገጸ ባሕርይውን በመኪና አደጋ እገድላለሁ። ስንቱን ገደልኩት መሰላችሁ።

ፕሮዲውሰሩ አንድ ቃል እንደማይቀይርብኝ ምሎልኛል። አምነዋለሁ። ሕጉም ቢሆን ከእኔ ጋር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ ደግሞ በእኛው) ሥራው ክብሩን በሚነካ መልኩ እንዳይጣመም ጸሐፊው እንዲቃወም መብት ይሰጠዋል። ችግሩ፣ ደስ ብሎት የነገረኝ ነገር ነው። «የስልኩን ቦታ ስታየው ታለቅሳለህ» አለኝ። «እናትየዋ ስታወራ ቆርጠን ልጁን እናሳያለን። ዱባይ፣ ከኋላው ሕንጻው፣ እንባ በዓይኑ ሞልቶ። አንድም ቃል አልጨመርኩም!»

አልጨመረም። እውነቱን ነው። ልጁን ካየነው ግን ሦስተኛው ሲኒ ምን ያደርጋል? ከልጁ ጋር አልቅሰን ስንመለስ እናትየዋ ቡና እየቀዱ ነው፣ በቃ። ያልሰማነውን ግማሽ ይሞላልናል፤ እኛ የምንሞላው አይኖርም። በየትኛው አንቀጽ ነው ይሄን የምከለክለው? «የማይታይ ሰው አይታይም» የሚል ውል ጠበቃ ፊት ይዤ ብቀርብ ይስቅብኛል።

ስለዚህ ውሉ ላይ ስለ ቃል ያለውን አንቀጽ እንዳለ እተወዋለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዳይሬክተሩ ከመፈረሙ በፊት መጥቶ ቴአትሩን ይየው፤ አይቶ ሲወጣ ስለ ሲኒው የሚያወራ ከሆነ ይግባ፣ ስለ ሕንጻው የሚያወራ ከሆነ ሌላ ይፈለግ። ሁለተኛ፣ እትዬ ትጫወተው። ፕሮዲውሰሩ በፌስቡክ ብዙ ተከታይ ያላት ወጣት ተዋናይ «ሜካፕ አስረጅተን» ይላል። እትዬ ፌስቡክ የላትም። እሷ ካለች ግን እኔ ባልኖርም «ይሄን ሁሉ አትልም» የሚል ሰው ቀረጻው ላይ አለ ማለት ነው።

ሐሙስ እንገናኛለን። የዱባዩን ትኬት ለሦስት ሰው አስይዣለሁ ብሎኛል፣ እሱን ማስሰረዝ ሳይከብደው አይቀርም። ሰርግ መጨመር ከፈለገ ይጨምር፣ መኪናም ይኑር፣ ርዕሱንም እንነጋገርበታለን። ልጁ ግን አይታይም።