እሬቴን ቆረጥኳት

ዛሬ እሬቴን አንድ ቅጠል ቆረጥኩባት። ዓመት ሊሞላት ነው ከገዛኋት፣ እስከዛሬ ቢላ አስነክቻት አላውቅም።

መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ልጆች ነው ያመጣኋት፣ በጥቁር ላስቲክ፣ አምስት ቅጠል፣ ከመዳፌ አትበልጥም። ልጁ "አሎቬራ ነው እህቴ፣ ለፊትም ለፀጉርም" አለኝ፣ እኛ ቤት ግን ስሟ እሬት ነው። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ከጤናዳሙ ጎን አስቀመጥኳትና ጠዋት ጠዋት እኩል አጠጣቸው ጀመር። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ከላይ እኔም ከላይ። ሐምሌ ላይ ወደ ቡኒ ስትሄድ ጠምቷት መስሎኝ ጨመርኩላት! አንድ ቀን የታችኛውን ቅጠል ነካ ባደርገው እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ሙልጭ ብሎ እጄ ላይ ቀረ።

እማዬ ልትጠይቀን መጥታ አየቻት። "እሬትን ደሞ ማነው ውሃ የሚያጠጣው? ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ ቀይ አበባውን ቀስሮ የሚቆመውን ማን አጠጣው?" አለችኝ። ያ እንኳን የኛው አገር እሬት ነው፣ አሎ ደብራና የሚሉት፣ የኔዋ ዘሯ ከአረብ ምድር ነው፣ ግን ጠባያቸው አንድ ነው፤ ውሃቸውን ቅጠላቸው ውስጥ ያጠራቅማሉ፣ ሌላው ተክል ቀን የሚተነፍስበትን ቀዳዳ እነሱ ሌሊት ሲበርድ ነው የሚከፍቱት፣ ፀሐይ ውሃቸውን እንዳትወስድባቸው። እኔ ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ካሰመጥኳት በኋላ ነው።

ነቅለን ስናያት ግማሹ ሥሯ ጠቁሮ ይሸታል። እማዬ የበሰበሰውን በመቀስ ከርክማ ጋዜጣ ላይ አስተኛቻት፣ አምስት ቀን እንደዛው ያለ አፈር ተጋደመች፣ እኔ እንደ አራስ ጠያቂ እየተመላለስኩ አያታለሁ። ከዛ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ቂጡን በምስማር በሳሳነው፣ ጎረቤት ቤት እያሳደሱ ስለነበር አሸዋ ለምኜ ከአፈር ጋር ግማሽ ለግማሽ ደባልቀን ተከልናት፣ ሳምንት ሙሉ ጠብታ አላየችም። ክረምቱ እስኪወጣ ውስጥ መስኮት ስር ነበረች። አሁን ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰድጄ እስከ ሁለተኛው አንጓ ካልደረቀ አላጠጣም። መስከረም መጨረሻ መሃሏ ላይ ጥፍር የምታክል ቅጠል ብቅ አለች፣ ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ላክሁላት።

እና ዛሬ ለምን ቆረጥኳት... ልጄ ሁለት ዓመት ሞልቷት ጡት አልለቅ አለች። እማዬ በስልክ "እሬት ቤትሽ ቁጭ ብሎ ምን ያስጨንቅሻል፣ ጡትሽን ቀቢው" አለችኝ። እኔንም ወንድሜንም እንደዛ ነው ያስጣለችን፣ ወንድሜማ በነጠላዋ ጠርጎ ጠርጎ ይጠባ ነበር አሉ።

ከታች ያለውን ትልቁን ቆረጥኩ። መጀመሪያ ከቆዳው ስር ቀጭን ቢጫ ውሃ ተንጠባጠበ፣ መሃሉ ላይ ያለው ዝልግልግ ግን እንደ መስታወት ነጭ ነው። የሚመረው ቢጫው ነው። ቀመስኩት፣ ወይኔ፣ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቼም ምላሴ ላይ ነው። ከዛ ጉግል ከፈትኩ፣ ባልከፍት ይሻለኝ ነበር፤ ቢጫው ሆድ ያጥባል፣ አሜሪካኖቹ ለሆድ ድርቀት ያለ ማዘዣ ይሸጥ የነበረውን በ2002 አስቁመውታል። ልጄን ተቅማጥ ላስይዛት ነው? ለእማዬ ብነግራት "አንቺ ምን ሆንሽ ታዲያ?" ነው የምትለኝ።

ቅጠሉን ሳህን ላይ አቁሜ ልቀባ አልቀባ ስል ልጅቷ ከየት መጣች ሳልላት ጣቷን ነክራ ላሰችው። ፊቷ እንደ ሎሚ ተጨመደደ፣ ምላሷን አውጥታ በመዳፏ ትጠርገዋለች፣ ከዛ ለቅሶ። ውሃ ሰጠኋት፣ ገፋችው። ስኳር፣ ገፋችው። ቀሚሴን ይዛ እየጎተተች "ጡጡ! ጡጡ!"

ሰጠኋት።