ሁለት የእጅ ሰዓቶች፣ አንዱ ደሴ ሌላው ኮምቦልቻ

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ፊዚክስ የማስተምረው ግን ደሴ። በየማለዳው ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት እያቃሰተ ከ1850 ሜትር ገደማ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ያወጣኛል። ኮምቦልቻ በክንዴ የያዝሁትን ሹራብ ደሴ ስደርስ እለብሰዋለሁ። ስበት በጊዜ ላይ የሚያደርገውን ለተማሪዎች ለማስረዳት ስነሣ ከዚህ መንገድ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በአይንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰዓት ዝቅ ካለው ይፈጥናል። እንግዲያው የደሴ ሰው ከኮምቦልቻው ቀድሞ ያረጃል። ይህን ስናገር ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዱ ከኋላ ተነሥቶ «መምህር፣ እርስዎ ታዲያ ቀን አርጅተው ማታ ይታደሳሉ?» አለኝ። የሚታደስ የለም፤ ማታ ማታ እርጅናዬ በጥቂቱ ይዘገያል እንጂ። አንዲት ተማሪ ግን አልሳቀችም። «ለምን አንለካውም?» አለች።

ስሌቱን አስቀድሜ መሥራት ነበረብኝ። ጉጉታቸውን ላለማቀዝቀዝ ብዬ ተውሁት። ከገበያ ሁለት አንድ ዓይነት የኳርትዝ ሰዓቶች ገዝቼ እኩል ሞላኋቸው፤ አንዱን ክፍል ውስጥ ሰቀልን፣ ሌላውን ቤቴ ወሰድሁ። ከሳምንት በኋላ ስናስተያያቸው ሁለት ሰከንድ ያህል ተለያይተዋል። ጭብጨባው ሳያበቃ ያቺው ልጅ ጠጋ ብላ አየችና «የቀደመው እኮ የኮምቦልቻው ነው» አለች። የተገላቢጦሽ!

ያን ጊዜ ጠመኔ አነሣሁ። የከፍታውን ልዩነት 600 ሜትር ብለን ብንይዝ ደሴ በቀን የምትቀድመው 6 ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም 6 ቢሊዮንኛ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ በዓመት 2 ማይክሮ ሰከንድ (2 ሚሊዮንኛ ሰከንድ) ገደማ ነው። ያገኘነው ልዩነት ከምንፈልገው 50 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሁለቱን ሰዓቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሳምንት አቆየናቸው፤ ያው ሰዓት እንደገና ሁለት ሰከንድ ያህል ቀደመ። ጠባዩ የሰዓቱ እንጂ የከተማው አልነበረም። ይህን የጠረጴዛ ሳምንት መጀመሪያ ላይ ማድረግ ነበረብን። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚለካ ሰዓት አለ፤ የጃፓን ተመራማሪዎች በቶኪዮው ስካይትሪ ማማ ግርጌና 450 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት እጅግ ትክክለኛ ሰዓቶች አስቀምጠው የላይኛው በቀን 4 ናኖ ሰከንድ ያህል እንደሚቀድም አይተዋል፤ ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የእኔዎቹ ግን የገበያ ናቸው።

የባሰው ስሕተቴ ሌላ ነው። «ስበት በደከመ ቁጥር ጊዜ ይፈጥናል» ብዬ አስጽፌአቸው ነበር። አንዱ «የምድር እምብርት ላይ ሁሉም ወገን እኩል ስለሚስብ ስበቱ ዜሮ ነው፤ ጊዜ እዚያ ከሁሉ ይፈጥናል?» ሲለኝ «አዎን» አልሁ። ማታ ቁልቁል ስወርድ ነገሩ ከነከነኝ። ወሳኙ የቆምንበት ቦታ ስበት ጥንካሬ አይደለም፤ ከዚያ ለመውጣት የሚጠይቀው ጉልበት ነው። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ ነዳጅ እንደሚጨርስ፣ ሽቅብ የሚወጣ ብርሃንም ፍጥነቱ ሳይቀንስ ከጉልበቱ ይከፍላል፤ ድግግሞሹ፣ ማለትም በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ ዝቅ ይላል፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው የታችኛው ሰዓት የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ከምድር እምብርት ለመውጣት ደግሞ ረጅሙ ዳገት ይጠብቃል። ስለዚህ ጊዜ እዚያ ይዘገያል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ስሌት እምብርቱ ከምድር ገጽ በዕድሜ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል እንደሚያንስ ያሳያል። በማግስቱ «ትናንት ተሳስቻለሁ» ብዬ ዓረፍተ ነገሩን አሰረዝሁ።

ጠፈር ላይ ደግሞ ፍጥነት ይጨመራል፤ የሚሮጥ ሰዓት ይዘገያልና። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚከንፍ ፍጥነቱ ያሸንፋል፤ ጠፈርተኞቹ በስድስት ወር 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከእኛ ያነሰ ያረጃሉ። ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚያውቅባቸው፣ 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ያሉት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ግን በከፍታቸው በቀን 45 ማይክሮ ሰከንድ አትርፈው በፍጥነታቸው 7 ይከስራሉ፤ 38 ይቀድማሉ። ይህ ባይታረም የቦታው ስሕተት በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠራቀማል። በሁለተኛው ቀን ስልካችን ደሴ ያለውን ሰው ኮምቦልቻ ነህ ሊለው ይችላል።

ፈጣኑን ሰዓት አሁን እኔው አስሬዋለሁ፤ በየወሩ ስምንት ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ።